ሰያፉ ፊደል፦ ከቬኒስ ማተሚያ ቤት እስከ አማርኛ ገጽ

የታተመ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ስለ ሆሄው ቅርጽ እምብዛም አያስብም፤ እንዲያስብም አይጠበቅበትም። በሥነጽሑፍ ጥናት ግን ይህ ዝንጋታ ዋጋ የሚያስከፍልበት ጊዜ አለ። በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ የተጻፈ ልብወለድ ስናነብ፣ በመስመሩ መሐል ዘንበል ብለው የታተሙ ቃላት ያጋጥሙናል። አንዳንዴ አንድ ቃል፣ አንዳንዴ ሙሉ አንቀጽ ይሆናሉ። ተማሪ ጥቅሱን ወደ መመረቂያ ጽሑፉ ሲገለብጥ ይህን መዘንበል ብዙ ጊዜ ይተወዋል፤ ተርጓሚም ቃሉን ተርጉሞ ቅርጹን ከኋላው ጥሎት ይሄዳል። የቀረው ነገር ጌጥ ብቻ ቢሆን ባልከፋ ነበር። ይሁንና ደራሲው በዚያ ቅርጽ አንድ ነገር ተናግሮበታል።

ይህ ጽሑፍ የዚህን ሆሄ አመጣጥና አሠራር፣ እንዲሁም በሥነጽሑፍ ውስጥ የሚሰጠውን አገልግሎት ለማስረዳት ይሞክራል። በመጨረሻም ሆሄው ወደ አማርኛ ገጽ ሲመጣ የሚገጥመውን ችግር ያነሳል። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በቅድሚያ ስለ ስያሜው ጥቂት ማለት ያሻል። እንግሊዞችና ፈረንሳዮች ሆሄውን በትውልድ አገሩ ጠርተው «ኢታሊክ» ይሉታል፤ «የጣሊያን» ማለታቸው ነው። ጣሊያኖች ራሳቸው ግን «ኮርሲቮ» ነው የሚሉት፤ ፍቺው «ሯጩ» እንደማለት ነው። በእኛ ዘንድ «ሰያፍ» የሚለው ቃል ስለተለመደ እዚህም እሱኑ እጠቀማለሁ፤ ቀጥ ብሎ የሚቆመውን፣ ፈረንጆች «ሮማን» የሚሉትን ደግሞ «ቁም» እለዋለሁ። «ሰያፍ» የሚለው ስም የሆሄውን መዘንበል ብቻ ሲነግረን፣ ጣሊያኖቹ ያወጡለት ስም የእጅን ፍጥነት ይነግረናል። ከሁለቱ ስሞች እውነቱን የያዘው የጣሊያኖቹ ነው።

ቬኒስ፣ 1501

በ15ኛው መቶ ዓመት በፍሎረንስ የነበሩ ሊቃውንት የጥንት የላቲን መጻሕፍትን እየፈለጉ በእጃቸው ይገለብጡ ነበር። ከእነርሱ መካከል ፖጆ ብራቾሊኒ ቀጥ ያለና የተረጋጋ የአጻጻፍ ስልት አዳበረ፤ ኋላ ለቁሙ የማተሚያ ፊደል አብነት የሆነው ይህ ዓይነቱ ጽሕፈት ነው። ወዳጁ ኒኮሎ ኒኮሊ ደግሞ ለራሱ ሲገለብጥ ብዕሩን ከወረቀቱ ላይ ቶሎ ቶሎ ሳያነሳ፣ ሆሄያቱን እያያያዘና እያጠበበ ይጽፍ ነበር። እጅ ሲፈጥን ጽሕፈቱ ወደ ቀኝ ማዘንበሉ አይቀርም። ይህ ሁለተኛው ስልት ከሊቃውንቱ ጠረጴዛ ወደ መንግሥታትና ወደ ጳጳሱ ጽሕፈት ቤቶች ገባ። ስለዚህ መቶ ዓመቱ ሲገባደድ የተማረ ጣሊያናዊ ሁለት ዓይነት ጽሕፈት ያውቅ ነበር፤ አንዱ የሚቆም፣ ሌላው የሚሮጥ። ሁለቱም በየራሳቸው ሙሉ ነበሩ፤ አንዱ የሌላው አገልጋይ አልነበረም።

አልዱስ ማኑቲዩስ መምህር ነበር። ወደ ኅትመት የገባው በዕድሜው ከገፋ በኋላ ሲሆን በቬኒስ የከፈተው ማተሚያ ቤት በመጀመሪያ የታወቀው በግሪክኛ መጻሕፍት ነው፤ የአርስቶትልን ሥራዎች ከ1495 እስከ 1498 በአምስት ጥራዝ አውጥቷል። ሆሄያቱን የሚቀርጽለት የቦሎኛ ተወላጅ ፍራንቼስኮ ግሪፎ ነበር። የቀራጩን ሥራ አድካሚነት ለማወቅ ሂደቱን ማሰብ ይበቃል። ቀራጩ በአንድ የብረት ዘንግ ጫፍ ላይ ሆሄውን በግልባጩ ይቀርጻል፤ ብረቱን አጠንክሮ በመዳብ ላይ ይመታዋል፤ በመዳቡ ላይ በተፈጠረው ጉድጓድ የቀለጠ እርሳስ እየፈሰሰ የማተሚያው ሆሄ ይወጣል። ለእያንዳንዱ ሆሄ አንድ ዘንግ ያስፈልጋል። ግሪፎ እንዲቀርጽ የተጠየቀው ደግሞ የሮጠን እጅ ነው፤ እንቅስቃሴን በብረት ማስቆም ማለት ነው።

ሰያፉ ፊደል መጀመሪያ የታየው በ1500 በታተመው የሲዬናዋ ቅድስት ካትሪን ደብዳቤዎች መጽሐፍ ውስጥ፣ በአንድ ሥዕል ላይ በገቡ ጥቂት ቃላት ነው። በሚያዝያ 1501 ግን የቨርጂል ግጥሞች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዚሁ ፊደል ታትመው ወጡ። በዚያው ዓመት ሆራስና ፔትራርክ፣ በ1502 ደግሞ ዳንቴ ተከተሉ። መጻሕፍቱ በአንድ እጅ የሚያዙ ትንንሽ ነበሩ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያሉ የጥንት ባለቅኔዎች የሚታተሙት ባመዛኙ በትልልቅ ጥራዝ፣ ግጥሙ መሐል ሆኖ ዙሪያውን በማብራሪያ ተከቦ ነበር። አልዱስ ማብራሪያውን አስወግዶ ግጥሙን ብቻውን አቀረበ። ንባቡን ከነአንድምታው መማር በለመደ አገር ያደገ አንባቢ ይህ ምን ያህል ድፍረት እንደሆነ ለመረዳት አይቸገርም። ባለቅኔው ያለ መምህር፣ ያለ አትሮንስ፣ በጉዞ ላይ እንኳ እንዲነበብ ተፈቀደለት ማለት ነው።

ሰያፉ ፊደል የተፈለሰፈው ወረቀት ለመቆጠብ ነው የሚለው አባባል በብዙ መጻሕፍት ተጽፏል። እርግጥ ሆሄው ጠበብ ያለ ነው። ይሁን እንጂ የግጥም መስመር የሚያልቀው በስንኙ እንጂ በወረቀቱ ጠርዝ ባለመሆኑ፣ ለግጥም መጽሐፍ ይህ ቁጠባ ያን ያህል ትርጉም የለውም። አልዱስ ያደረገው፣ ሊቃውንት ለግል ንባባቸው በእጅ ያስጽፉት የነበረውን ትንሽ የግጥም መጽሐፍ በማተሚያ መኪና መድገም ነው ብል የምሳሳት አይመስለኝም። ለዚህም ማስረጃው ራሱ ገጹ ነው። ትልልቆቹ ሆሄያት በአልዱስ ሰያፍ ውስጥ አያዘነብሉም። ቀጥ ብለው፣ ትንሽ ሆነው፣ በየስንኙ መነሻ ላይ ከተከታዩ ሆሄ ጥቂት ራቅ ብለው ይቆማሉ። በእጅ ጽሑፎቹም የነበረው ሥርዓት ይኸው ነው። በተጨማሪም ግሪፎ ሁለትና ሦስት ሆሄያትን በአንድ ላይ ያጣመሩ በርካታ ቅርጾች ቀርጿል፤ የጸሐፊው እጅ ሳያቋርጥ ያገናኛቸውን ሆሄያት እርሳሱም አገናኝቶ እንዲያሳይ ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ጠብ አስከተለ። በቨርጂሉ መጽሐፍ መግቢያ ላይ አልዱስ ቀራጩን በስም አንስቶ አመስግኗል። ፊደሉን ሌላ እንዳይጠቀምበት የሚከለክለውን መብት ከቬኒስ መንግሥትና ከጳጳሱ ያገኘው ግን ራሱ አልዱስ ነው። ግሪፎ ከአልዱስ ተለያይቶ በ1503 ለሌላ አታሚ፣ ለጌርሾም ሶንቺኖ፣ አዲስ ሰያፍ ቀረጸ፤ ሶንቺኖም ባሳተመው ፔትራርክ ውስጥ የፈጠራው ባለቤት አልዱስ ሳይሆን ግሪፎ እንደሆነ በግልጽ ጻፈ። በፈረንሳይ የሊዮን አታሚዎች ደግሞ የማንንም መብት ሳይጠይቁ መጽሐፎቹን ከነፊደላቸው አስመስለው ማተም ያዙ። አልዱስ በ1503 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ገዢ እንዳይታለል ብሎ የሊዮኖቹን የኅትመት ስሕተቶች ዘርዝሮ አቀረበ። ሊዮኖቹም ዝርዝሩን ተቀብለው መጽሐፎቻቸውን አረሙበት።

በጥራት ከተነሣ፣ የአልዱስ ሰያፍ ከሁሉ የላቀ ነው ለማለት አልደፍርም። ገጹ የታፈነና ጥቅጥቅ ያለ ነው። ውበቱ የተሟላው በሮም ነው። የቪቼንዛው ሉዶቪኮ ዴሊ አሪጊ በጳጳሱ ጽሕፈት ቤት አካባቢ የሚሠራ ጸሐፊ ነበር፤ በ1522 ይህንኑ ጽሕፈት የሚያስተምር ትንሽ መጽሐፍ አወጣ። ከ1524 ጀምሮ ላውቲዚዮ ከተባለ የፔሩጂያ አንጥረኛ ጋር ሆኖ የራሱን ሰያፍ ፊደል አስቀርጾ ማተም ያዘ። የአሪጊ ሆሄያት ሽቅብና ቁልቁል ዘርጋ ያሉ ናቸው፤ በመስመርና በመስመር መካከል አየር አለ። በ1925 ፍሬድሪክ ዋርድ ይህንኑ ሆሄ «አሪጊ» በሚል ስም መልሶ ሠርቶታል፤ ከ1929 ወዲህም የብሩስ ሮጀርስ «ሴንታውር» የተባለው ቁም ፊደል ጓደኛ ሆኖ ይገኛል።

አሪጊን ሳነሳ ለእኛ ፊደል ተከራካሪዎች የምትጥም አንዲት ነገር አለች። ጃን ጆርጆ ትሪሲኖ የተባለው ደራሲ የጣሊያንኛ ድምፆች በላቲን ሆሄያት በትክክል አይለዩም ብሎ፣ ከግሪክኛ ሆሄያት እንዲጨመር ጠየቀ። በ1524 ሐሳቡን በአዲሶቹ ሆሄያት አድርጎ ያተመለት አሪጊ ነው። አገሬው አልተቀበለውም። ሆሄ ለመቀነስ ሆነ ለመጨመር የቀረበ ሐሳብ ሁሉ ያስነሳው ክርክር እኛ ዘንድ ብቻ አይደለም ለማለት ያህል ነው። አሪጊ ራሱ ከ1527ቱ የሮም ዘረፋ በኋላ ደብዛው ጠፍቷል።

ከባለቤትነት ወደ አጃቢነት

በሰያፍ ፊደል ብቻ መጽሐፍ ማተም በጣሊያንና በፈረንሳይ ለጥቂት አሠርት ዓመታት የተለመደ ሆኖ ቆየ። ቀስ በቀስ ግን ሰያፉ ከመጽሐፉ ዋና ክፍል ወጥቶ ወደ መቅድሙ፣ ወደ መታሰቢያው፣ በስድ ንባብ መሐል ወደሚጠቀሰው ግጥም ተገፋ። በ16ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ እንደ ሮቤር ግራንዦን ያሉ የፈረንሳይ ቀራጮች ሰያፉን ከቁሙ ጋር በአንድ መስመር ተስማምቶ እንዲሄድ በመጠንና በክብደት አዛመዱት፤ ትልልቆቹ ሆሄያትም አብረው አዘነበሉ። ዛሬ «ጋራሞን» በሚል ስም ከምናውቃቸው ፊደሎች አንዳንዶቹ ቁማቸው ከክሎድ ጋራሞን፣ ሰያፋቸው ከግራንዦን የተወሰደ ነው። ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ሰያፍ ማለት «ሌላ ድምፅ» ማለት ሆነ። በ1560 በጄኔቭ የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ በዕብራይስጡና በግሪኩ የሌሉ፣ ተርጓሚዎቹ ለአረፍተነገሩ ስምረት ያከሏቸውን ቃላት በሰያፍ ለይቷል። እዚህ ላይ ሰያፉ የሚናገረው «ይህ ቃል የእኛ ነው» ብሎ ነው። ዛሬ ያንን ገጽ የሚያነብ ሰው ግን ቃሉ ጠብቆ እንዲነበብ የታዘዘ ይመስለዋል፤ ተቃራኒውን ይረዳል ማለት ነው። የቅርጽ ትርጉም በዘመን እንደሚለወጥ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

መዘንበሉ ነው ወይስ እጁ?

ሰያፍን ሰያፍ የሚያደርገው ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ በ20ኛው መቶ ዓመት ትልቅ ክርክር አስነስቷል። እንግሊዛዊው ስታንሊ ሞሪሰን በ1926 «ዘ ፍሉረን» በተባለው መጽሔት ላይ፣ ሰያፉ የቁሙ አጃቢ ከሆነ የራሱ ጠባይ ሊኖረው አይገባም፣ ትክክለኛው ሰያፍ ቁሙን ራሱን ማዘንበል ብቻ ነው ሲል ተከራከረ። ሐሳቡ በአመክንዮ ንጹሕ ነበር። ሆላንዳዊው ያን ቫን ክሪምፐን «ሮሙሉስ» የተባለውን ፊደል በዚህ መርሕ ሠራው፤ የዘነበለው ቁም ግን ገጹ ላይ ሲታይ የደነዘዘ ሆነ። ሞሪሰን ራሱ በ1932 ለለንደኑ «ዘ ታይምስ» ጋዜጣ ባሠራው ታይምስ ኒው ሮማን ውስጥ ያስገባው ሰያፍ የጥንቱን ዓይነት ነው።

ምክንያቱን ለማወቅ ሆሄያቱን አጠገብ ለአጠገብ ማየት ይጠቅማል። በቁሙ ፊደል «ኤ» የምትባለው ትንሽ ሆሄ ከላዩዋ ቆብ ያላት ናት፤ በሰያፉ ግን ቆቧን ጥላ አንዲት ክብ ብቻ ትሆናለች። «ጂ» በቁሙ ሁለት ዓይን፣ በሰያፉ አንድ ዓይንና ጅራት አላት። «ኤፍ» በቁሙ መስመሩ ላይ ትቆማለች፤ በሰያፉ ከመስመሩ በታች ትወርዳለች። በቁሙ ሆሄ እግር ሥር በግራና በቀኝ የሚታዩት አግዳሚ ጭረቶች ድንጋይ ላይ እንደተቀረጸ ጽሑፍ መሠረት የያዙ ሲሆን፣ በሰያፉ እነዚህ ጭረቶች ብዕር ወደ ሆሄው ሲገባና ሲወጣ የሚጥላቸው ፈለጎች ናቸው። መዘንበሉን ብናስቀረው እንኳ ሰያፉ ከቁሙ ይለያል። ኤሪክ ጊል በ1930ዎቹ መባቻ የሠራው «ጆአና» ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው፤ ሰያፉ የሚያዘነብለው 3 ዲግሪ ያህል ብቻ ሲሆን፣ አንባቢ ግን ሆሄያቱ ጠበብ በማለታቸውና በቅርጻቸው ወዲያው ይለየዋል።

ይህ ነጥብ ወደ አማርኛ ገጽ ይወስደናል። የኮምፒዩተር የጽሕፈት ፕሮግራሞች ሰያፍ የሚያደርግ አዝራር አላቸው፤ ለላቲን ፊደል ሲነካ በልዩ የተሠራውን ሰያፍ ያመጣል፤ ለግዕዝ ፊደል ሲነካ ግን እንዲህ ያለ ቅርጽ ባብዛኛው ስለሌለ፣ መኪናው የቆመውን ሆሄ ገፋ አድርጎ ያጋድለዋል። ውጤቱ ሞሪሰን የተመኘው፣ ገጽ ላይ ሲታይ ግን ያልሠመረው ዓይነት ነው። በእኛ ፊደል ላይ የባሰ ጉዳት አለው። በላቲን የእግር መታጠፍ የሆሄው ጠባይ ብቻ ሲሆን በግዕዝ ግን ድምፅ ነው። «ቀ» ራብዕ ስትሆን እግሯ ወደ ግራ ይታጠፍና «ቃ» ትባላለች፤ «ተ» እና «ታ»ም እንዲሁ። መኪናው ሆሄውን ራሱን ወደ ቀኝ ሲያጋድለው እግሩ ወደ ግራ ይሸሻል። በደቃቅ ኅትመት «ቀና» ወደ «ቃና» ሊጠጋ ነው ማለት ነው። ዐይኑ «ዐ» ደግሞ የወደቀ እንቁላል ይመስላል። አንባቢ ሁለተኛ ድምፅ አይሰማም፤ የመጀመሪያው ድምፅ ሲደናቀፍ ነው የሚያየው።

የግዕዝ ፊደል በማተሚያ የወጣው አልዱስ በሕይወት ሳለ ነው፤ ዮሐንስ ፖትከን ዳዊትን በ1513 በሮም አሳተመ። ቀራጮቹ የተከተሉት አንዱን፣ የሚቆመውን የብራና ጽሕፈት ነው። የእኛም ሊቃውንት የመጽሐፉን አጻጻፍ «ቁም ጽሕፈት»፣ ባለሙያውን «ቁም ጸሐፊ» ማለታቸው ሳይታሰብ የሚታለፍ አይደለም። ይህ ማለት ግን ሁለተኛ እጅ የለንም ማለት አይደለም። በብራናዎቻችን ጉልሕና ረቂቅ ተብለው የሚለዩ አጻጻፎች አሉ፤ ጉልሑ ወፍራምና ሰፊ፣ ረቂቁ ቀጭንና ደቃቅ ነው። በድጓ ላይም ከንባቡ በላይ በደቃቁ የሚጻፈው ምልክት አለ፤ ንባብና ዜማ በአንድ ገጽ ሳይጋጩ ይኖራሉ። ለአማርኛ ኅትመት አጃቢ ፊደል የሚያስፈልግ ከሆነ ቀራጩ መሄድ ያለበት ወደ ረቂቁ ጽሕፈት ነው ብዬ አምናለሁ። ግራንዦን ያደረገው ይህንኑ ነው፤ ሁለት እውነተኛ እጆችን አጣመረ።

ያስፈልጋል ወይ?

ያስፈልጋል ወይ የሚለው ራሱ መልሱ አንድ አይደለም። እንግሊዝኛ አንድን ቃል ለማጥበቅ ሰያፍን ይጠቀማል። «እሷ ዕዳውን ከፈለች» የሚለውን ሐሳብ በእንግሊዝኛ ጽፎ አንዱን ቃል ብቻ ማዘንበል ሦስት የተለያዩ ዐረፍተነገሮች ያስገኛል። አማርኛ ግን ይህን ሥራ ለአታሚ አልተወውም፤ ሰዋስው ይሠራዋል። ማን እንደከፈለ ሲጠብቅ «ዕዳውን የከፈለችው እሷ ናት» እንላለን፤ መክፈሏ ሲጠብቅ «ከፍላለች እኮ»፤ የከፈለችው ነገር ሲጠብቅ «የከፈለችው ዕዳውን ነው»። ስለሆነም ተርጓሚው እዚህ ላይ ሆሄ ማዘንበል የለበትም፤ ዐረፍተነገሩን ማዞር አለበት። የእንግሊዝኛውን ሰያፍ ሳያይ ያለፈ ተርጓሚ ግን ሦስቱንም በአንድ «ዕዳውን ከፈለች» ይጨርሳቸዋል። የገጸባሕርይን ሐሳብ በተመለከተም «ብሎ አሰበ»፣ «ሲል ተጠራጠረ» የሚሉት አነጋገሮች አሉን፤ ብዙውን ጊዜ በቂ ናቸው።

ባዕድ ቃልን ለመለየት የሚውለው ሰያፍ ከዚህ የተለየ ጣጣ አለው። የእንግሊዝኛ አሳታሚዎች የሌላ ቋንቋ ቃልን ማዘንበል ልማዳቸው ነው። ቃሉ በዘነበለ ቁጥር አንባቢው ቤተኛ፣ የቃሉ ባለቤት እንግዳ እንደሆነ ይነገራል። ጁኖት ዲያዝ በ2007 ባወጣው የኦስካር ዋኦ ታሪክ የስፓኝኛውን ቃል ሁሉ ሳያዘነብል ከእንግሊዝኛው ጋር ያስኬደው ይህን ስላልተቀበለ ነው። በእንግሊዝኛ የሚጽፍ የእኛ አገር ሰው «እንጀራ» የሚለውን ቃል ያዘነብል አያዘነብል እንደሆነ ማየት፣ ለማን እንደሚጽፍ ለማወቅ አንድ መንገድ ነው።

ሰዋስው የማይደርስበት ቦታም አለ። ዊልያም ፎክነር በ1929 ባሳተመው «ጩኸቱና ቁጣው» የመጀመሪያ ክፍል ተራኪው ቤንጂ ነው፤ አእምሮው ዛሬንና የዛሬ ሃያ ዓመትን አይለይም። ፎክነር ጊዜው ሲዘል በሰያፍ ፊደል ያመለክታል። የአሳታሚው አርታኢ ቤን ዋሰን ሰያፉን አውጥቶ በመስመር ክፍተት ሲተካው ፎክነር አልተስማማም፤ ክፍተቱ ትዝታውን ከአሁኑ ይቆርጠዋል፣ ቤንጂ ዘንድ ግን መቆረጥ የለም ባይ ነበር። ሰያፉ ተመለሰ። ከሁሉ ይልቅ የሚመኘው ግን እያንዳንዱን ጊዜ በልዩ ልዩ ቀለም ማሳተም እንደነበር ገልጿል፤ በዘመኑ አልተቻለም። በ2012 የለንደኑ ፎሊዮ ሶሳይቲ በ14 ቀለማት አውጥቶታል።

ይህን ክፍል ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው «ብሎ አስታወሰ» እያለ ቢጨምርበት ሥራውን ያፈርሰዋል፤ ቤንጂ ማስታወሱን አያውቅምና። የሚያጋድለው አዝራርም ገጽ ሙሉ የተንጋደደ ሆሄ ነው የሚሰጠው። ቀይ ቀለም ትዝ ይለን ይሆናል፤ የብራና ጸሐፊ ጥቁርና ቀይ ቀለሙን በየቀንዱ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ቀዩ ግን በእኛ ልማድ የቅዱሳንን ስምና የምዕራፍን መነሻ የያዘ ነው፤ አንባቢው የቤንጂን ትዝታ ሳይሆን ስመ አምላክን የሚጠብቅበት ቀለም ነው። ስለዚህ ምርጫው ለእኔ ቢሰጠኝ፣ ለዛሬው ጉልሑን፣ ለትናንቱ ረቂቁን፣ በአንድ መስመር ላይ ያለ ክፍተት አስከትዬ አሳትመዋለሁ።